ልጄ ከጅዳ የላከችልኝን የሆርሞን ኪኒን ልጀምረው? የአንባቢዎች ጥያቄዎች ስለ ማረጥ

ስለ አጥንት መሳሳት ከጻፍን ወዲህ ስለ ማረጥና ስለ ሆርሞን ሕክምና የሚጠይቁ መልእክቶች በዝተዋል። የዛሬዎቹ ሁሉም ከደሴና ከኮምቦልቻ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል፣ ስምና ሰፈር የሚያሳውቀውንም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር እንደምን አለሽ። 51 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ገበያ ውስጥ ቅመም እሸጣለሁ። የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ችግሬ ሙቀቱ ነው። በደሴ ብርድ ሰው ጋቢ ደርቦ ሲተኛ እኔ ብርድ ልብሱን ገፍፌ ላቤን እጠርጋለሁ። ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ እነቃለሁ። ቀን ደግሞ ደንበኛ ፊት ቆሜ ፊቴ እሳት ይሆናል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ለውጥ የለም። ጅዳ ያለችው ልጄ አሠሪዋ የምትወስደውን የሆርሞን ኪኒን ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ላዩ ላይ ኢስትራዲዮል 2 ሚሊግራም ይላል። ያነበበችልኝ ጎረቤቴ ግን «ካንሰር ያመጣል፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ልጄ ደግሞ «እዚህ ስንቱ ይወስደዋል» ትላለች። ማህፀኔ አልወጣም። ግፊት አለብሽ ተብዬ መድኃኒት ተሰጥቶኛል፣ ሲያመኝ ሲያመኝ እወስዳለሁ። ሌላው ጭንቀቴ፣ ይህን ኪኒን ስወስድ ደም ተመልሶ ይመጣል የሚባለው እውነት ነው? ረመዳን እየመጣ ነው፣ ጾምና ሶላቴ እንዳይበላሽብኝ።

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ። የሚሰማዎት ነገር እውነት ነው፣ የታወቀ ነው፣ መድኃኒትም አለው። ያንን ኪኒን ግን ለጊዜው አይጀምሩት። የምከለክልዎት ጎረቤትዎ ባሉት ምክንያት አይደለም።

ማህፀንዎ አለ። ዋናው ነገር ይህ ነው። ኪኒኑ ላይ የተጻፈው ኢስትራዲዮል ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ዓይነት ነው፤ ኢስትሮጅን ብቻውን ሲወሰድ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ያወፍራል። ያ ሽፋን ድሮ በየወሩ በወር አበባ እየተጠረገ ይወጣ ነበር። ካረጡ በኋላ የሚጠርገው የለም። ስለዚህ እየወፈረ ይሄድና ውሎ አድሮ ወደ ማህፀን ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ይህ በአውሮፓውያን 1975 በወጡ ጥናቶች ከታወቀ ወዲህ ማህፀን ላላት ሴት ኢስትሮጅን ብቻውን አይታዘዝም። ፕሮጄስትሮን ወይም እሱን የመሰለ ሌላ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፤ ሥራው ሽፋኑ እንዳይወፍር መጠበቅ ነው። የልጅዎ አሠሪ ምናልባት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይሆናል። ወይም ሁለተኛውን መድኃኒት ልጅዎ ሳታየው ትወስድ ይሆናል። ልጅዎ ከልቧ አስባልዎት ነው የላከችው፣ ግን ያየችው የመድኃኒቱን ግማሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ግፊትዎ ነው። እባክዎን የግፊት መድኃኒት ሲያም ብቻ የሚወሰድ አይደለም። ግፊት ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው ልብንና ጭንቅላትን የሚጎዳው። በየቀኑ ይውሰዱት፣ ይለኩት። ግፊትዎ ከተስተካከለ የሆርሞን ሕክምና መጀመር ይቻላል። ሳይስተካከል ግን አይጀመርም።

ለእርስዎ ዓይነት ሰው ደግሞ አወሳሰዱም ለውጥ አለው። በአፍ የሚዋጠው ኢስትሮጅን መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል፣ ጉበትም ደም የሚያረጉ ነገሮችን አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል። ስለዚህ በእግር ወይም በሳንባ ደም የመርጋት ዕድል ከፍ ይላል። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም እንደ ቅባት ክንድና ጭን ላይ የሚቀባ ዓይነትም አለ። ይኸኛው ከቆዳ በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ በተለመደው መጠን ያንን የመርጋት አደጋ ሲጨምር አልታየም። ግፊት ላለባት፣ ክብደቷ ለጨመረ፣ ማይግሬን ለሚያማት ሴት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ችግሩ እንደ ፓራሲታሞል በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አለመሆኑ ነው። ልጅዎ ከጅዳ መላክ ከቻለች ምን ትላክ የሚለውን መጀመሪያ ሐኪም ይጻፍልዎት፣ ከዚያ ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ይላኩላት። መንገዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ካንሰሩ እንምጣ። የጎረቤትዎ ፍርሃት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ አሜሪካ ውስጥ የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። ማህፀን ያላቸው ከ16,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበት ነው። ግማሽ ያህሉ ሁለቱን ሆርሞኖች አንድ ላይ፣ የቀሩት ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዱ ነበር። ሆርሞን በወሰዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዝቶ ስለታየ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ፣ ሐኪሞችም ማዘዝ ፈሩ። እኛም ተማሪ ሳለን ከመምህሮቻችን የወረስነው ፍርሃቱን ነበር፣ ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ያሳየን አልነበረም።

ቁጥሩ ይህ ነው። ሆርሞን ካልወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት 30 ያህሉ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ከወሰዱት 10,000 መካከል ደግሞ 38። ልዩነቱ 8 ሴቶች ነው። ስምንት ሴት ትንሽ ናት አልልም፣ እያንዳንዷ እናት ናት፣ እህት ናት። ግን «የወሰደች ሁሉ ካንሰር ይይዛታል» ከሚለው ወሬ ጋር ሩቅ ለሩቅ ነው። በዚያ ላይ የተጠኑት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ብዙዎቹ ካረጡ ከ10 ዓመት በላይ አልፏቸዋል። ሙቀት እንቅልፍ የነሣት የ51 ዓመት ሴት ከእነሱ ጋር አንድ አይደለችም። ማህፀናቸው የወጣ ሴቶች ኢስትሮጅን ብቻ የወሰዱበት ሌላው የጥናቱ ክፍል ደግሞ የጡት ካንሰር ጭማሪ አላሳየም። በኋላ ቁጥሮቹ በዕድሜ ተለይተው ሲታዩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ ሌላ የሚከለክል ሕመም ለሌለባቸውና ሙቀቱ ለሚያስቸግራቸው ሴቶች ጥቅሙ እንደሚያመዝን ታየ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የልብ ሕመምና የጡት ካንሰር ትልቁ ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ መድኃኒቶች ላይ እንዲነሣ ወስኗል። አንድ ያስቀረው አለ፦ ኢስትሮጅን ለብቻው ሲወሰድ የሚመጣውን የማህፀን ካንሰር ማስጠንቀቂያ። በእጅዎ ያለው ኪኒን እንግዲህ እሱ ነው።

ጥቅሙን ደግሞ ልንገርዎት። ለሙቀትና ለሌሊት ላብ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ የሙቀቱን ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ይቀንሰዋል። እንቅልፍ ይመለሳል። አጥንትም ይጠብቃል፣ በተለይ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ስለሚሳሳ። ሙቀቱ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ብዙ ሴቶች ላይ ከ7 ዓመት በላይ ይቆያል። ሰባት ዓመት ሳይተኙ ገበያ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። «የሴት ዕጣ ነው፣ ቻይው» የሚሉዎትን አይስሙ።

ስለ ደሙ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሐኪሞች ግን ብዙ ጊዜ አናነሣውም። አወሳሰዱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ዓይነት ሁለተኛው ሆርሞን፣ ማለትም ፕሮጄስትሮኑ፣ በወር ውስጥ ለ12 ወይም 14 ቀን ብቻ ይወሰዳል፣ ከዚያ እንደ ወር አበባ ያለ ደም ይመጣል። ይህ የሚሰጠው ገና የወር አበባዋ መዛባት ለጀመረ ወይም በቅርቡ ለቆመ ሴት ነው። በሁለተኛው ሁለቱም በየቀኑ ያለማቋረጥ ይወሰዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊታይ ይችላል፣ በኋላ ግን ይቆማል። እርስዎ ዓመት ስላለፈዎት የሚስማማዎት ሁለተኛው ነው። ረመዳን ከቀረበ እና ያ ጠብታ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ከጾሙ በኋላ ቢጀምሩት ምንም አይጎድልብዎትም፣ እስከዚያ ግፊትዎን ያስተካክሉ። ጠብታው ለሶላትና ለጾም ምን ያህል ይቆጠራል የሚለውን ሸኽዎን ይጠይቁ፤ እሱ የእኔ ሙያ አይደለም።

እስከዚያው በሙቀት ጊዜ ቴርሞሜትር ያስለኩ። የማረጥ ሙቀት ትኩሳት አያሳይም። ትኩሳት ካለ፣ ሳል ካለ፣ ሰውነትዎ ከከሳ ግን የሌሊት ላቡ የቲቢ ሊሆን ስለሚችል ያንን ሳይመረመሩ «ማረጥ ነው» ብለው እንዳይቀመጡ። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛም እንዲሁ ልብ ያስመታል፣ ላብ ያመጣል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ቡናውን አልከለክልዎትም፣ ግን ትኩስ መጠጥና ካፌይን በብዙ ሴቶች ላይ ሙቀቱን ይቀሰቅሳል። ከአቦል በኋላ ያለውን ለጥቂት ቀን ትተው ልዩነቱን ይዩት። በርበሬ የበዛበት ወጥም፣ ለሚቅሙ ሰዎች ጫትም እንዲሁ ነው፤ ጫት ልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር ለእርስዎ ጨርሶ አይሆንም። የቀረውን ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ዘንድ ይጨርሱ፣ ኪኒኑን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። 47 ዓመቴ ነው። የሦስት ወሩን መርፌ ስወስድ ብዙ ዓመቴ ነው፣ የወር አበባ ካየሁ ቆይቻለሁ። አሁን ላብ ላብ ይለኛል፣ እበሳጫለሁ፣ ነገር እረሳለሁ፣ ጉልበቴን ያመኛል። የኮምቦልቻ ሙቀት ይሁን የኔ አላወቅሁም። ማረጤን በምን አውቃለሁ? ጓደኛዬ ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ዋጪ፣ እሱም ሆርሞን ነው አለችኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽን ምክር ተይው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚሰጠው በጣም ይጠነክራል። እንቁላል እንዳይወጣ ማፈን ስላለበት ነው። ለማረጥ የሚሰጠው ሰውነት የጎደለውን ትንሽ ለመተካት ብቻ ነው። ጤነኛ ለሆነች፣ ለማታጨስ፣ ግፊት ለሌለባት ሴት ከ50 ዓመት በፊት ኪኒኑን ሐኪም አይቶ ሊያዝላት ይችላል። አንቺ ግን ግፊትሽ እንኳን ተለክቶ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። በወሬ አይጀመርም።

ማረጥሽን ለማወቅ መርፌው አስቸጋሪ ያደርገዋል። መርፌው ራሱ የወር አበባ ያስቀራል፣ ስለዚህ «12 ወር ሙሉ ካላየሽ አርጠሻል» የሚለው መለኪያ ላንቺ አይሠራም። የደም ምርመራውም በመርፌው የተነሳ ሊያሳስት ይችላል። ዕድሜሽና የሚሰማሽ ነገር ሲታይ ግን ወደ ማረጥ እየገባሽ ነው ብዬ እገምታለሁ። ብስጭቱም፣ መርሳቱም፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ብዙ ሴቶች በዚህ ጊዜ የሚናገሩት ነው። ኮምቦልቻ ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ እሱንም ተመርመሪ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። መርፌውን ዝም ብለሽ አታቁሚ። በዚህ ዕድሜም ይረገዛል። በ40ዎቹ ዕድሜ ያላት ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየች ሁለት ዓመት፣ ከ50 በላይ የሆነች ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላት መከላከያ ያስፈልጋታል። የማረጥ ሆርሞን ሕክምናም እርግዝና አይከላከልም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። መርፌው በረጅም ጊዜ አጥንት ላይ ጫና ስላለው ወደ 50 ስትጠጊ ወደ ሌላ ብትለውጪ ይሻላል። ካገኘሽው ሆርሞን ያለበት ሉፕ ጥሩ ምርጫ ነው። እርግዝና ይከላከላል፣ የማህፀን ሽፋንም ይጠብቃል፣ በላዩ ላይ ኢስትሮጅን በቆዳ ብትወስጂ ሕክምናው ሙሉ ይሆናል። ሁለት ችግር በአንድ ይፈታል ማለት ነው። ሁሉም ሉፕ ሆርሞን የለበትም፣ የመዳቡ ለዚህ አይሆንም፣ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ።

ፈረቃ ላይ እያለሽ ሙቀቱ ሲመጣ አለቃሽ ፊት መውጣት ያሳፍርሽ ይሆናል። ለአንዲት ሴት ኃላፊ ብትነግሪያት እመርጣለሁ። ውኃ አጠገብሽ እንዲኖር፣ ነፋስ ያለበት ማሽን ላይ እንድትቀመጪ መጠየቅ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ተልባና ጥቁር አዝሙድ በማር ለማረጥ ፍቱን ነው ይባላል። ወይባ ጢስ መሞቅስ? (ከደሴ)

መልስ፦ ተልባ ውስጥ ኢስትሮጅንን በደካማው የሚመስል ነገር አለ። ሙቀት ይቀንሳል ወይ ተብሎ ሲጠና ግን ውጤቱ ደካማ ነው። ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፣ ጠጪው፣ ግን መድኃኒት አገኘሁ ብለሽ ሌላውን አትተይ። ጥቁር አዝሙድ ሙቀቱን እንደሚያጠፋ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ በብዛት ከመውሰድሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ። ጢሱ ሰውነት ስለሚያግል ያንኑ ሙቀት ይቀሰቅስብሻል። ብልት ደርቆ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 53 ዓመቷ ነው፣ እኔ 60። ደሴ ነው የምንኖረው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ እኔ መጠጋት ትታለች። ስጠጋት ትገፋኛለች ወይም ታለቅሳለች። ሌላ ሰው ወደደች ብዬ እስከማሰብ ደርሻለሁ። ልጆች አድርሰናል፣ ለማንም አልተናገርኩም። መፍትሔ ካለው ንገሪኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ አከብርሃለሁ። ብዙ ወንድ በልቡ ይዞት እየቆየ ነው ቤት የሚፈርሰው።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ሰው አይደለም። ሕመም ነው። ኢስትሮጅን ሲጎድል የብልት ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ግንኙነት ያማል። አንዳንዷን ያቃጥላታል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላታል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይደጋገምባታል። ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ላይ ይህ ይመጣል። ደግሞ ከሙቀቱ የሚለየው፣ ሙቀቱ በዓመታት ውስጥ ይለቃል፣ ይህ ግን ካልታከመ እየባሰ ነው የሚሄደው። ሴቶቻችን ለሐኪም እንኳን አይናገሩትም። «በዚህ ዕድሜዋ ምን አሰበች» እንዳይባሉ ይፈራሉ። ስለዚህ ትገፋሃለች፣ አንተ ደግሞ ጠላችኝ ትላለህ፣ እሷም አንተ መጠርጠርህን ታያለች።

ሕክምናው ቀላል ነው። በብልት ውስጥ የሚደረግ ክሬም ወይም ትንሽ እንክብል አለ፣ ኢስትሮጅን አለበት፣ መጠኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ማህፀን ላላትም ቢሆን ሁለተኛ ሆርሞን አያስፈልግም። ግፊት ያለባት፣ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈም ልትጠቀምበት ትችላለች። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረጋል። ለውጡን ለማየት ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብላ እንዳትተወው። ሆርሞን የማትፈልግ ከሆነ ለግንኙነት ጊዜ የሚሆን ማለስለሻ በመድኃኒት ቤት አለ።

እንዴት እንደምትነግራት ደግሞ ልንገርህ፤ ሌሊት አልጋ ላይ አታንሣው። ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ቡና ላይ ስትሆኑ «እንደሚያምሽ አላወቅሁም ነበር፣ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ መድኃኒት አለው ተብያለሁ፣ አብረን እንሂድ» በላት። ይበቃል። ሕክምናው እስኪሠራም ለግንኙነት አትጠጋት፤ አጠገቧ መቀመጥና መተቃቀፍ ግን አታቋርጥ።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፣ ከደሴ ነኝ። የወር አበባዬ ከቀረ ስምንት ወር ሆነኝ። አንድ ልጅ አለችኝ። እናቴም በ40ዋ ነው ያረጠችው። ሰው «ማረፍሽ ነው» ይለኛል። ዝም ልበል?

መልስ፦ ዝም አትበዪ። በ38 ዓመት መቅረቱ «ማረፍ» አይደለም።

መጀመሪያ እርግዝና አለመሆኑን በምርመራ አረጋግጪ። ቀጥሎ የእንቅርት ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን የሚባለው ወተት የሚያመጣ ሆርሞን፣ እና እንቁላል ማፍሪያን የሚያዘው ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ይመረመራሉ። ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ካለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በኋላ መድገሙ ጥሩ ነው። ሁለቱም ጊዜ ከፍ ካለ እንቁላል ማፍሪያሽ ሥራውን ቀድሞ እያቆመ ነው ማለት ነው። ከ40 ዓመት በፊት ይህ ከ100 ሴቶች ወደ አንዷ ላይ ይደርሳል። በቤተሰብም ይሄዳል፣ የእናትሽ ነገር ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ።

ላንቺ የሆርሞን ሕክምና የሙቀት ማስታገሻ ብቻ አይደለም። ሰውነትሽ እስከ 51 ገደማ ሊያገኘው የሚገባውን ኢስትሮጅን ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ አጥቷል። ካልተተካ አጥንትሽ ያለጊዜው ይሳሳል፣ የልብ ሕመምም ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚከለክል ሌላ ሕመም ከሌለ እስከ ተፈጥሯዊው የማረጥ ዕድሜ ድረስ እንዲወሰድ ይመከራል። ከላይ ለእትዬ የጻፍኩት የጡት ካንሰር ቁጥር በአንቺ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ላይ የተጠና አይደለም፤ አንቺ የምትተኪው እኩዮችሽ በተፈጥሮ ያላቸውን ነው። ሁለተኛ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ለሐኪሙ ተናገሪ። ዕድሉ ጠባብ ነው ግን ዜሮ አይደለም፤ ከ100 ውስጥ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት በራሳቸው አርግዘው ይገኛሉ። የማትፈልጊ ከሆነም በዚሁ ምክንያት መከላከያ አትርሺ።

ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ታክሜ አሁን ታሞክሲፈን እወስዳለሁ። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። ሆርሞን ይሆነኛል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሆንሽም እህቴ። የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት የሚዋጥም የሚለጠፍም ኢስትሮጅን አይሰጥም። ያ ማለት ግን ተቀብለሽው ተቀመጪ ማለት አይደለም። ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶች አሉ። ቬንላፋክሲን የሚባለው በመሠረቱ የድብርት መድኃኒት ነው፣ በትንሽ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳል። ጋባፔንቲን ደግሞ ማታ ሲወሰድ ለሌሊት ላብና ለእንቅልፍ ይረዳል። ፓሮክሲቲን የሚባለውን ካዘዙልሽ ግን ታሞክሲፈን እንደምትወስጂ አስታውሻቸው፤ የታሞክሲፈንን ሥራ ያዳክማል። ታሞክሲፈኑን በራስሽ እንዳታቆሚ። ሙቀቱን የሚያመጣው እሱ ቢሆንም ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚጠብቅሽም እሱ ነው። ካንሰርሽን ለሚከታተለው ሐኪም በቀጠሮሽ ቀን የመጀመሪያ ነገር አድርገሽ ንገሪው።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ካረጠች ስድስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም አየች። «ወጣትነቴ ተመለሰ» ብላ ትስቃለች። ምንም አያማትም። ሆርሞንም አትወስድም። (ከደሴ)

መልስ፦ በዚህ ሳምንት ወደ ሆስፒታል ውሰጃት። ሕመም አለመኖሩ አያዘናጋችሁ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታ ቢሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን፣ መመርመር አለበት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የብልት ቆዳ መሳሳት ወይም የበቀለ ትንሽ ሥጋ (ፖሊፕ) ይሆናል። ግን ከ10 ሴቶች በአንዷ ገደማ የማህፀን ካንሰር ይገኛል። የማህፀን በር ካንሰርም እንዲሁ በደም ነው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው። የማህፀን ካንሰር ቀድሞ ሲገኝ በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የማህፀን በሯ በዓይን ይታያል፣ የማህፀን ሽፋኑ ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካል፣ ወፍሮ ከተገኘ ከሽፋኑ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። የደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ፣ ከዘመድ የተሰጣት ኪኒን ወይም ቅባት ካለ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አልትራሳውንዱ ላይ ሽፋኑ ቀጭን ነው ተብሎ ከተመለሰች በኋላም ደሙ ከደገማት እንደገና ትሂድ።